ሕያው ሰዓት

ሶልያና ሊፍት ውስጥ ቆማ አታውቅም። ሊፍቱ ወደ ላይ ሲወጣ እሷ ባለችበት ትራመዳለች፤ ዕቃውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጉልበቷን እያነሳች እየጣለች። አብረዋት የተሳፈሩት ሰዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቦታ ይለቁላታል። ድሮ ልጆች ይስቁባት ነበር። አሁን ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ዕቃ አመላላሽ ስለሆነ የሚስቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው የሚከፍለው ለሕያው ሰዓት ብቻ ነው። ሕያው ሰዓት ማለት የአመላላሹ እግር የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። የቆመበት፣ የተቀመጠበት፣ ደንበኛው በር እስኪከፍትለት የጠበቀበት፣ ሽንት ቤት የገባበት ሁሉ ሙት ሰዓት ይባላል፤ ሙት ሰዓት አይከፈልም። ይህን የሚለየው አመላላሹ የሚለብሰው የኩባንያው ሰደርያ ነው። እግር ሲቆም ደረት ላይ ጠበቅ ይላል፣ እግር ሲነሳ ይላላል፤ ሌላ ክፋት የለበትም።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ አንዱ ቆሞ ሌላው እየዞረው ሰላም ሲባባሉ ማየት የተለመደ ነው። «እናትሽ ደህና ናት?» ይላል የቆመው። «ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን» ትላለች የምትዞረው፣ ከጀርባው በኩል። «ባልሽስ?» «እሱም ደህና ነው»፣ ከፊቱ በኩል። እኛ ደግሞ ሰላምታችን ረጅም ነውና የቆመው ሰው ራሱ አዙሮት ይለያያሉ።

የሶልያና ባል ግን ደህና አልነበረም። ሚልክያስን ኩላሊቱ ከከዳው ሰነባብቷል። በየሁለት ቀኑ ደሙ ይታጠባል፤ የሚታጠበውም በኩባንያው ክሊኒክ ነው። ሚስቱ ሠራተኛ እስከሆነች ድረስ የክሊኒኩ የመስታወት በር ፊቱን ሲያይ ይከፈትለታል። ሠራተኛ መሆኗ የቀረ ዕለት አይከፈትለትም። በሩ አይቆጣም፣ አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ነው የማይከፈተው። ጎረቤታቸው የነበረ አንድ ሰው እዚያ በር ፊት ተቀምጦ አይታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ያን ሰው አላየችውም።

ከሠራተኛነት የሚያወጣው ቀይ የሚባለው የቅጣት ምልክት ነው። ዕቃ ያዘገየ፣ መንገድ የሳተ፣ ተነስ ተብሎ ያልተነሳ ቀይ ይወርድበታል። ሦስተኛው ሲወርድ ሰደርያው ራሱ ተፈቶ እግር ሥር ዱብ ይላል፤ መንገድ ላይ ከሆነም መንገድ ላይ። ሶልያና ሁለት አለባት። ሁለተኛውን የሰጣት ኢዮስያስ ነው።

ኢዮስያስን ስታውቀው ተቆጣጣሪ አልነበረም። ሁለት ሰው የሚፈልግ ዕቃ ሲመጣ አብረው የሚሸከሙ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ቁም ሣጥን ከላይና ከታች ይዘው ሊፍቱ የተበላሸበትን ፎቅ እየተሳደቡ፣ እየሳቁ፣ ደግሞም እየተሳደቡ ወጥተዋል። አባቱ የሞቱ ጊዜም አራብሳ ድረስ ሄዳ ለቅሶ ተቀምጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰገነት የወጣው። ሰገነት ተቆጣጣሪዎቹ የሚቀመጡበት ሕንፃ ነው። እዚያ ያሉት በአመላላሾቹ ጆሮ በምትንጠለጠለው፣ እነሱ ጉትቻ በሚሏት ነገር በኩል ያዛሉ፤ በደንቡ መሠረትም «እርስዎ» ይባላሉ። «ሶሊ» ይላት የነበረው ሰው «ሠራተኛ» ይላት ጀመር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ራሷን አዙሯት ቁጭ ስትል «ተነሺ» አላት፤ አልተነሳችም፤ ቀዩን አወረደባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላችው። የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ድምፁን ስትሰማ አፏ ይመርራት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ከመጋዘን ዕቃዋን ስትረከብ ከመሃል አንድ ግራጫ ሣጥን አየች።

አመላላሾቹ አመዶ ይሉታል። ባሕር ላይ የተንሳፈፉት ከተሞች ጨው ሲዝቅላቸው የሞተ ሠራተኛ ሬሳ አይልኩም፤ ልብሱንና ጫማውን በግራጫ ሣጥን ይልካሉ። ደብዳቤ አይጨምሩበትም፤ ላኪ ተብሎ የሚጻፈው የሟቹ ስም ስለሆነ ማን እንደሞተ ለማወቅ እሱን ማየት ይበቃል። ስለዚህ መርዶ ነጋሪው ዕቃውን የያዘው አመላላሽ ነው። ማንም ሳይሾማቸው ሥራው እነሱ ላይ ወደቀ፤ እነሱም እንደ ወጉ ሊሠሩት ሞከሩ። አመዶ የደረሰው አመላላሽ በዚያው ቀን አይሰጥም። ባልደረቦቹን ይዞ፣ ለጎረቤትና ለዕድር ሰው ነግሮ፣ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ የሚወድቀውን የሚደግፍ፣ ፊቱን የሚቧጭረውን እጁን የሚይዝ ሰው አለ ማለት ነው። ተቆጣጣሪዎቹም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ከዚህ ክረምት ወዲህ ግን ለአመዶም እንደማንኛውም ዕቃ የመድረሻ ሰዓት ተቆረጠለት።

ሶልያና የላኪውን ስም አነበበች። ኖላዊ ዘርይሁን። ተቀባይ፣ ወይዘሮ ማርያማዊት፣ አራብሳ።

ማርያማዊት የኢዮስያስ እናት ናቸው። ኖላዊ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ በአባቱ ለቅሶ ላይ ማስታጠቢያ ይዞ እየዞረ፣ ራሱ እያለቀሰ የሰዉን እጅ ያስታጠበው።

ከአጠገቧ ሰደርያውን የሚቆልፈው ጋሽ ናሆም ነበር፤ ከመጋዘኑ አመላላሾች ሁሉ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው።

«ሶሊዬ፣ ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

ሣጥኑን አዙራ አሳየችው። አነበበና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ውይ! የኢዮሲን ወንድም? ያንን ልጅ?»

«እሱ አያውቅም፣ ጋሼ። ስም አይታያቸውም እኮ።»

እውነቷን ነው። ዘመድ ለዘመድ እንዳያደላ ተብሎ ሰገነት ላይ የላኪና የተቀባይ ስምም ሰፈርም አይታይም። ኢዮስያስ የሚያየው ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ግራጫ ከሆነም ግራጫ መሆኑን።

«አደራሽን፣ በጉትቻ እንዳትነግሪው» አለ ጋሽ ናሆም። «ሰው እንዴት ብቻውን ጠረጴዛ ኋላ ተወሽቆ የወንድሙን መርዶ ይሰማል? ዕቃውን እያዞርሽ አምሺው። ማታ ከሥራ ሲወጣ በር ላይ ጠብቀን እንይዘዋለን። ንጋት ላይ ከእሱ ጋር ሆነን ወደ እናቱ እንሄዳለን።»

«ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ! ነገ ራሱ እግርሽ ላይ ወድቆ ያመሰግንሻል።»

ጋሽ ናሆም ሁለት ቀይ እንዳለባት አላሰበም። እሷም አላስታወሰችውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የራስን ጉዳይ ማንሳት ያሳፍራል።

የቀሩትን ዕቃዎች እየተራመደች አደለች። ቀትር ላይ እጇ ላይ የቀረው አመዶው ብቻ ነበር፤ መንገዱም አራብሳ አደረሳት። የማርያማዊት ሕንፃ ሥር ስትደርስ አልገባችም። ሣጥኑን አቅፋ ሕንፃውን መዞር ጀመረች። እግሯ እስከሄደ ሰዓቷ ሕያው ነው። ዕቃው ግን እየዘገየ ነበር።

«ሠራተኛ ሶልያና» አለ ጉትቻው። «አንድ ሕንፃ እየዞርሽ ነው።»

«በሩ ጠፍቶኝ ነው፣ አለቃ።»

«በር ጠፍቶሽ አያውቅም።»

«ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።»

«በሩ ሰው አለ እያለ ነው። ግቢና ስጪ።»

«አመዶ ነው እኮ፣ አለቃ! ቀትር ላይ፣ ለብቻዋ ላለች እናት! ሰው እስኪሰበሰብ ለነገ ይለፍልኝ።»

«ቀለሙ ይታየኛል። አመዶም ዕቃ ነው፤ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱም እያለፈ ነው።»

«እርስዎ ቤት ቢመጣስ እንዲህ ይሉ ነበር?»

ካፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች።

«እኔ ቤት ከመጣ ቶሎ ይምጣልኝ» አለ ኢዮስያስ። «ወንድሜም እዚያው ባሕር ላይ ነው። ሳላውቅ ስበላና ስስቅ ከምውል ማወቁ ይሻለኛል።»

ሶልያና ዞረች፣ ደግማ ዞረች።

ከሕንፃው ሥር እትዬ ብሌን የሚባሉ ሴት ሱቅ አላቸው። የዕድሩ ጥሩምባ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ሶልያና ሱቁ ውስጥ ገብታ በጤፍ ጆንያዎቹ መሃል እየተመላለሰች፣ በአንድ መዳፏ ጉትቻዋን አፍና፣ ነገሩን በሹክሹክታ ነገረቻቸው።

«ወይኔ ጉዴ!» አሉ እትዬ ብሌን። «ማርያማዊት? አሁን ጠዋት ሽንኩርት ገዝታኝ፣ ስናወጋ ቆይታ ነው እኮ የሄደችው!»

«ሰው ይሰብስቡልኝ፣ እትዬ። ሦስት አራት ሰው ቢሆን።»

«በዚህ ሰዓት ማን ይገኛል ልጄ? ያለው ሁሉ ሰደርያ ለብሶ ወጥቷል። የቀረነው እንደኔ ጉልበታችን ያለቀ ነን።» ጥሩምባውን አነሱት፤ መልሰው አስቀመጡት። «ደግሞ ትልቁ ልጅ ሳይኖርማ አይሆንም። ግፊት አለባት። እናንተ ዘንድ አይደል የሚሠራው? እሱን ባልደረቦቹ ይንገሩትና ይዛችሁት ኑ እንጂ!»

«ይነገረዋል፣ እትዬ።»

«እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከላይ ያሉትን አሮጊቶች ልጥራ። ሳልመጣ እንዳትገቢ። በማርያም!»

እትዬ ብሌን ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ሄዱ። ሶልያና ወጥታ መዞሯን ቀጠለች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰደርያው አልጠበበም፣ እሷ ግን ትንፋሽ አጥሯታል። ሚልክያስ ነገ ተራው ነው። ከታጠበ በኋላ ሁልጊዜ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ እሷ እግሩን በሁለት እጇ ታሸዋለች፤ «ተይው፣ አንቺ ነሽ እግርሽ መታሸት ያለበት» ይላታል።

«ሶሊ።»

ቆመች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ የጠራት። ሰደርያው ደረቷን ሲጨምቃት ነው መራመድ ያስታወሰችው።

«ሶሊ፣ አሁን እንደ አለቃ አይደለም የማወራሽ» አለ ኢዮስያስ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ከጎኑ የተቀመጡት እንዳይሰሙት ይመስላል። «ያንቺ ቀይ ከወጣ ቆይቷል። ሰዓቱ እንዳለፈ ነው የወጣው። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ጭኜ ይዤልሻለሁ። ከዚህ እስከ ማታ መዝጊያ ከያዝኩት ይሰረዛል። እጄን ካነሳሁ ግን ያኔውኑ ይወርድብሻል።»

ሶልያና የሕንፃውን ማዕዘን ዞረች።

«የፊተኛውን ያወረድኩት ሁለታችንም እንዳንባረር ፈርቼ ነው። እኔም ላይ ቀይ የሚያወርድ አለ፤ ከበላዬ ሌላ ሰገነት አለ። ሚልክያስ ታሞ እንደነበር አላወቅሁም። ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ይኸው አሁን ለሽንት እንኳ አልተነሳሁም። ግን ዕቃው ካልገባ የእኔ እጅ ምንም አያደርግልሽም፤ ትንሽ ቆይቶ ከላይ ያዩታል። እባክሽ ሶሊ። እባክሽ ስጪያት። የማን እናት እንደሆነች አላውቅም፤ እኔ ልኮነንባት።»

ስትጠላው የኖረችው ሰው ነው። ጥላቻዋ እንደ ምሽግ ነበር፤ ከኋላው ተደብቃ ትውል ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ ተናደ፤ መጠጊያም አጣች።

ንገሪው፣ አለቻት ነፍሷ። የእናትህ ቤት ነው በይው። ተነስቶ ይምጣ፣ እናቱን ይያዝ።

ከተነሳ እጁ ይነሳል። እጁ ከተነሳ ሚልክያስ…

አፏን ዘጋች። ጋሽ ናሆም አደራ ስላላት፣ መርዶ በጉትቻ ስለማይነገር ነው ያልነገረችው። ለራሷ እንዲህ አለች። ግን ለወጉ ብላ ይሁን ለባሏ ብላ እርግጠኛ አልነበረችም። ሽቅብ ተመለከተች። እትዬ ብሌን አልወረዱም። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻለችም። ወደ ሕንፃው ገባች።

በሩ ፊት ሣጥኑን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ እዚያው እየረገጠች፣ በጫማዋ ጫፍ አንኳኳች።

በሩ ተከፈተ። ማርያማዊት ሽንኩርት የከተፉበት ቢላ በእጃቸው ነበር። ዓይናቸው ከፊቷ በቀር ምንም አላየም፤ ፊታቸው በራ።

«አንቺ! ሶልያና አይደለሽም? የኢዮሲ ጓደኛ! ምነው እንዲህ ጠፋሽ ልጄ? ግቢ፣ ግቢ እንጂ!»

ጉትቻው ውስጥ የነበረው ትንፋሽ ቀጥ አለ። ሶልያና ሰማችው። እጇ ሣጥኑን ይዟልና ጉትቻዋን ማፈን አልቻለችም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ማርያማዊት። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። «ኢዮሲ ደህና ነው? ልጄ ምን ሆነ?»

«ኢዮሲ ደህና ነው፣ እማማ።»

ያኔ ነው ወደ ታች ያዩት። ግራጫውን አዩ። ሶልያና ሣጥኑን ከኋላዋ ልትደብቀው ሞከረች፤ የሞኝ ነገር ነው፤ እጇ በራሱ አደረገው። ማርያማዊት ስሙን አላነበቡም። ማንበብ አላስፈለጋቸውም፤ ከሁለት ልጅ አንዱ ደህና ነው ተብለዋል።

ጩኸታቸው ከሕንፃው ሥር እስከ ጣሪያ ተሰማ። «ኖላዬ! የኔ ኖላ! እኔ አፈር ልብላልህ!» ቢላው ወደቀ። ሶልያና ሣጥኑን ጥላ ወገባቸውን ያዘች፤ አብረው መሬት ላይ ወረዱ። ሴትየዋ ፊታቸውን ሊቧጭሩ ሲሉ እጃቸውን ጨብጣ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። እግሯ ቆመ፤ ሰደርያው ጠበበ፤ ሰዓቷ ሞተ። ግድም አልሰጣት።

«ሶሊ» አለ ጉትቻው። የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። «ኖላዊ ነው?»

«አዎ።»

«ጠዋት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ኢዮሲ። እንደ ወጉ ልንነግርህ ነበር። ማታ፣ ከእነ ጋሽ ናሆም ጋር…»

«እናቴን ያዢያት።»

«ይዣታለሁ።»

«ግፊት አለባት። ቀና አድርጊያት።»

«ቀና አድርጌአታለሁ።»

ማርያማዊት ከሶልያና ደረት ላይ ሆነው «ኢዮሲን ጥሩልኝ! ልጄን ጥሩልኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጉትቻው ያንንም አደረሰለት። ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ሊነሳ ነው፣ አለች በልቧ። ከዚያ ወንበሩ ዝም አለ።

«ሶሊ» አለ ኢዮስያስ። «ልነሳ?»

ሶልያና አፏን ከፈተች። ና ልትለው ነው፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። እናት ልጇን እየጠራች፣ ልጅ ልምጣ ወይ እያለ፣ ሌላ ምን ይባላል? ግን የመስታወቱን በር አየችው። ሚልክያስ ፊቱን ለበሩ እያሳየ ሲጠብቅ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ደግሞ ሲያሳይ፣ ስህተቱ የእሱ እንደሆነ አስቦ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየችው።

አፏን መልሳ ገጠመች።

ኢዮስያስ ጠበቀ። ረጅም ጊዜ ጠበቀ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ልቅሶውን ሰማችው፤ ጎረቤት ወንበር ላይ ያሉትን ፈርቶ የሚያፍነው፣ አንድ እጁ ከጠረጴዛ ጋር ተጣብቆ በሌላው ብቻ ፊቱን የሚጠርግ ሰው ልቅሶ። ሶልያናም አለቀሰች። ለኖላዊ አለቀሰች፣ ለእሱ አለቀሰች፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሷ አፍራ አለቀሰች።

እትዬ ብሌን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት አሮጊቶች አስከትለው ገቡ። ወለሉ ላይ የወደቀውን ሣጥን፣ የተበተነውን ሽንኩርት፣ ተቃቅፈው የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች አዩና «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሶልያና ቀና ብላ አላየቻቸውም። አሮጊቶቹ ከጎንና ከጎን ገብተው ማርያማዊትን ደገፏቸው።

«ትልቁ ልጅስ?» አሉ እትዬ ብሌን፣ ወደ ሶልያና ጆሮ ጎንበስ ብለው። «ተነገረው?»

«ተነግሮታል።»

«ታዲያ የታለ? እናቱ እየጠራችው አይደለም እንዴ? ለምን አይመጣም?»

ጉትቻው ውስጥ ልቅሶው ተቋረጠ። ኢዮስያስ መልሷን እያዳመጠ ነበር።

«ሲመሽ ይመጣል» አለች ሶልያና።